አያ ጅቦ እንኳ ሰበብ ይፈልጋል

ሰሞኑን አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ሳይ ነበር። ክፉው ሰውዬ ገና ብቅ ሲል ሙዚቃው ይቀየራል። ጥቁር መነጽር፣ በእጁ የውስኪ ብርጭቆ፣ ረጅም ሳቅ። "አጠፋዋለሁ!" ይላል ስልኩን እየዘጋ። ለምን እንደሚያጠፋው እሱም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ። በማግስቱ የሰውዬውን ስም ላስታውስ ብል ጠፋብኝ። መልኩም ጭምር።

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። እኛ እኮ ክፉን ሰው አሳምረን መተረክ የምናውቅ ሰዎች ነን። የጅቡንና የአህያዋን ተረት አስታውሱ። ጅቡ ከወንዙ በላይ በኩል ሆኖ ይጠጣል፤ አህያዋ ከታች። "ውሃውን አታደፍርሽብኝ" ይላታል። ውሃ ሽቅብ እንደማይፈስ ሁለቱም ያውቃሉ። እሷም ነገሩ ስለገባት "አያ ጅቦ፣ ሳታመሃኝ ብላኝ" አለችው። ጅብ አህያ ለመብላት የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ግን ከመብላቱ በፊት ጥፋተኛዋ እሷ እንድትሆን ፈለገ። ተረቱን እስከ ዛሬ ያቆየችው ይህች ሰበብ ትመስለኛለች።

የሼክስፒሩ ኢያጎም እንዲሁ ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን "ኦቴሎ"ን ወደ አማርኛ መልሶልናል፤ ያላነበበ ቢያነበው ደስ ይለኛል። ኢያጎ በጦር አዛዡ በኦቴሎ ሥር ያለ መኮንን ነው፤ መጀመሪያ "ሹመቴን ለካሲዮ ሰጠብኝ" ይላል። ቆየት ብሎ ደግሞ "ኦቴሎ ከሚስቴ ጋር ይታማል" ይላል። አንዱ ሰበብ ሲሳሳበት ሌላ ይደርብበታል። እኔን ሁሌ የሚያስደነግጠኝ ግን አንድ አጭር ቦታ ነው። ካሲዮ ከኦቴሎ ሚስት ከዴዝዴሞና ጋር ሲነጋገር ቆይቶ ይሄዳል። ኢያጎ ለራሱ የሚያወራ መስሎ "ይሄ ነገር አላማረኝም" ይላል። ኦቴሎ "ምን አልክ?" ሲለው፣ "ኧረ ምንም፣ ጌታዬ" ብሎ ይመልሳል። በቃ። ጩኸት የለም፣ ሰይፍ የለም። አንድ ቤት መፍረስ የጀመረው ከዚህች "ምንም" ነው። ዴዝዴሞና ለካሲዮ ሰጠችው የሚባለው መሐረብ በኋላ የሚመጣ ማስረጃ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሠሪ ደግሞ በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ አይተናል። ቡና ላይ "እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነው እንጂ..." ብሎ የሚጀምረውን ሰው ማን አያውቀውም? ኢያጎን የማንረሳው ድምፁን ስለምናውቀው ነው።

ወደ ሀገራችን ልብ ወለድ ስመጣ ፊታውራሪ መሸሻን አላልፋቸውም። የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ፊታውራሪን ግን ሰው ዛሬም እንደ ጎረቤቱ ያነሳቸዋል። ክፉ ናቸው ወይ ብትሉኝ ቶሎ አልመልስም። ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ይሳሱላታል። እንድትማር የፈለጉት፣ በዛብህን አስተማሪ አድርገው ቤታቸው ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ግን የሚጠይቃት ባል ሁሉ ዘሩ ከዘራቸው አንሶ ይታያቸዋል። ዕድሜዋ ይነጉዳል። የደሃ ልጅ የሆነው በዛብህማ ጭራሽ አይታሰብም። በራሳቸው ሕግ አንድም ቀን አልበደሉም። የልጃቸውን ዕድሜ የሚያባክኑት ክብሯን የጠበቁ እየመሰላቸው ነው። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው። ቢጠሏት ኖሮ እኛም ጠልተናቸው እንገላገል ነበር።

ድራማ ለሚጽፉ ወዳጆቼ አንድ ልመና አለኝ። ክፉውን ሰውዬ ከማሳቃችሁ በፊት ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ለራሱ ምን እንደሚል ጻፉ። ያ ክፍል ባይተላለፍም ግድ የለም። እሱ ራሱን እንዴት እንደሚያጸድቅ ካወቃችሁ ሳቁንም ትቀንሱታላችሁ፤ መነጽሩም አያስፈልግም።

እናቴ የውጋየሁ ንጋቱን የ"ፍቅር እስከ መቃብር" ትረካ በራዲዮ ስትሰማ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ፊታውራሪ ባመፁባቸው ገበሬዎች ላይ ሲነሱ "ምን ዓይነት ጭካኔ ነው!" እያለች ትበሳጭ ነበር። ከዚያ ገበሬዎቹ ማረኳቸው። "እሰይ! የእጃቸውን አገኙ!" ብላ አጨበጨበች። ወዲያው ዝም አለች። ራዲዮኑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና ቀስ ብላ "ውይ፣ ብቻ እንዳያዋርዷቸው" አለች።