«አታሟርት» ማለት ይብቃን

ወገኖቼ፣ አንድ ክፉ ልማድ አለብን። ችግር አይቶ የተናገረን ሰው እንደ ጠላት እናየዋለን። ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት «ልጄ፣ ፍሬኑ እኮ ያፏጫል» ሲሉ ረዳቱ «ማዘር፣ አያሟርቱብን!» ይላል። ከኋላ የተቀመጥነው እንስቃለን። ምኑ እንደሚያስቅ እንጃ።

እስቲ አሜሪካዊውን ጠፈርተኛ ጆን ያንግን እዩት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1959 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለሙከራ አብራሪነት አሠለጠነውና ሜሪላንድ፣ ፓተክሰንት ሪቨር መደበው። ሥራው ምን መሰላችሁ? አዲስ አውሮፕላን ያስነሳል፣ የት ላይ እንደሚያስቸግር አየር ላይ ሆኖ ይፈልጋል፣ ወርዶ ይጽፋል። «ደህና ነው» ብቻ ብሎ የሚወርድ አብራሪ እዚያ ምን ያደርጋል? ፈሪ እንዳትሉት ደግሞ፣ በ1962 በፋንተም ጄት ከመሬት ተነስቶ 3,000 ሜትር የደረሰው በ35 ሰከንድ ገደማ ነው።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ ወሰደው። 6 ጊዜ ጠፈር ወጣ። በ1965 ሳንዱች በኪሱ ደብቆ ወጥቶ ጣጣ አምጥቷል፤ ሰው ነው መቼም። በ1972 ጨረቃ ላይ ተራመደ። በ1981 ኮሎምቢያ የተባለችውን መንኮራኩር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጠፈር ያወጣት እሱ ነው። ከዚያ በፊት ባዶዋን እንኳ ተልካ አታውቅም ነበር።

ጥር 1986 ቻሌንጀር የተባለችው ሌላዋ መንኮራኩር በተነሳች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች። 7 ሰው አለቀ። በዋዜማው ማታ የሮኬቱ መሐንዲሶች «ብርድ ነው፣ የጎማ ማሸጊያው አይችልም» ብለው ነበር። አለቆቻቸው አልፈዋቸው ሄዱ። ያንግ ያኔ የጠፈርተኞቹ አለቃ ነበር። አደጋ ያለበትን ሁሉ እየዘረዘረ ለአለቆቹ ማስታወሻ ጻፈ። ጽሑፉ ወጥቶ ጋዜጣ ላይ ዋለ። በ1987 ከአለቅነቱ ተነሳ፤ ጠፈርም ዳግም አልወጣም። ግን ጥሎ አልሄደም። በ2004፣ በ74 ዓመቱ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ስለ ደህንነት መጨቅጨቁን አልተወም።

ስለዚህ «እዚያማ ሰው ይሰማል» አትበሉኝ። እዚያም ተናጋሪ ይገፋል። ልዩነቱ፣ እኛ ገና አፉን ሳይከፍት ነው የምንገፋው። ሕንፃ ሥራ ላይ «መወጣጫው ይወዛወዛል» ያለ የቀን ሠራተኛ በነጋታው «ዛሬ ሥራ የለም» ይባላል። ጓደኞቹም አይተው ዝም ይላሉ። ምን ያድርጉ፣ እንጀራ ነው።

እናንተ ፎርማኖች፣ ኮንትራክተሮች፣ ባለቤቶች፣ ይኼ ነውር ነው! ሰውየው «ይኼ እንጨት ላልቷል» ካላችሁ መጀመሪያ እንጨቱን ወጥታችሁ እዩት። ስለ ፀባዩ በኋላ ትነጋገራላችሁ።