ውዳሴ ቤዝ

ባለፈው ቅዳሜ ከመገናኛ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ አራት ኪሎ ስደርስ፣ እንደ ማንኛውም ጨዋ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ!» አልሁ። የዘፈኑ ቤዝ ዋጠው። ደገምሁ፤ አሁንም ዋጠው። በሦስተኛው እጄን ባወዛውዝ ረዳቱ ዘፈኑ የተመቸኝ መስሎት አውራ ጣቱን አነሣልኝ። ይህን ውዳሴ ያሰብሁት ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በእግሬ ስመለስ ነው።

እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፒተር ባክሳንዳል በ1952 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቃና መቆጣጠሪያ ንድፍ እስከ ዛሬ በብዙ አምፕሊፋየሮች ሆድ ውስጥ ይገኛል። በጥቂት ሬዚስተሮችና ካፓሲተሮች አማካይነት አንዱ ማዞሪያ ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን)፣ ሌላው ቀጭኑን (ትሬብሉን) ለብቻው ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ ሁለቱም መሐል ላይ ሲቆሙ ድምፁ እንደ ተቀዳ ያልፋል። ምስኪን ሰው! መሐሉ የድሆች ማቆሚያ መሆኑን የተረዱት፣ ማዞሪያው ወደ ግራም እንደሚዞር በመመርመር ጊዜያቸውን ያላባከኑት የእኛ ሊቃውንት ናቸው።

ጥበባቸው የሚታየው በሠርግ ላይ ነው። የድምፅ ባለሙያው ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ በየክፍሉ የሚያስተካክለውን የኢኳላይዘሩን ዳርና ዳር ወደ ላይ ገፍቶ መሐሉን ወደ ታች ሲያወርደው፣ የቁልፎቹ ረድፍ ፈገግ ያለ አፍ ይመስላል፤ ስልክ የሰውን ንግግር የሚያስተላልፍበት ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለው ክልል ደግሞ አብዛኛው እዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ይቀበራል። ባለፈው አዝማሪው ቅኔውን ሲያወርድ ሰሙ በቤዙ ቀለጠ፣ ወርቁን ትሬብሉ ፈጨው፤ የሙሽራው አጎት መወደሱን ወይም መሰደቡን ሳያውቅ መቶ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ቀጥለው ሽማግሌው ሊመርቁ ተነሡ። የሰማነው «ድም… ድም… ጽስ» ብቻ ነበርና አፋቸው በተዘጋ ቁጥር «አሜን» አልን፤ ለካስ ሁለት ጊዜ የዘጉት ሊያስሉ ኖሯል። ከዚያም ድምፅ እንዲጨመርላቸው በእጃቸው ምልክት ሲሰጡ፣ ባለሙያው ቤዙን ጨመረላቸው።

ወፍራሙን ድምፅ በ12 ዴሲቤል ማሳደግ 16 እጥፍ ገደማ ኃይል ይጠይቃል። አምፕሊፋየሩም የሌለውን መስጠት ስለማይችል የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል፤ ከቁርጡ የሚወለዱት ቀጫጭን ድምፆችም ቱተሩን፣ ማለትም የቀጭን ድምፅ ማውጫውን ትንሽ ስፒከር፣ ያቃጥሉታል። ሲጤስ «ዕቃው አይረባም» ይባላል፤ ባለሙያው ጌታችን ጥፋት የለባቸውም።

ሽሙጡን እዚህ ላይ ላቁመው። በዚያ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት የጥቂት ወራት ሕፃኗን ጆሮ በነጠላዋና በመዳፏ ደፍና ነበር የተጓዘችው። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። የዚያን ሕፃን ጆሮ እንድታደነቁሩ ማን ፈቀደላችሁ?

ወደ ውዳሴዬ ልመለስ። ፒያሳ ስወርድ በሾፌሩ መስኮት በኩል ዞሬ «ወንድሜ፣ ቤዙን ትንሽ ቀንሰው» አልሁት። ከከንፈሬ የገመተውን ገምቶ፣ በታላቅ ትሕትና «እሺ ጋሼ» አለና ትሬብሉን ጨመረልኝ።