አርባ ዓመት ጠብቂኝ

ትናንት ማታ ልጄን ታብሌቱን አጥፍቶ እንዲተኛ ነገርኩት። «አንድ ዙር ብቻ፣ አባዬ» አለኝ። የሚያየው ካርቱን ነው። ካርቱን ደግሞ ዙር የለውም። ባለቤቴ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትናገር ወደ ስልኳ ተመለሰች። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ያበሸቀኝ ቃሉ ብቻ አይደለም። ዜማውን ጭምር ነው የወሰደብኝ። ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፣ «ብቻ» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ሳብ አድርጎ፣ ልመናም ቁጣም በሌለው ድምፅ። እኔ ይህችን ዜማ ለማሳመር ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ እሱ በነፃ አገኛት።

ላላወቀው ላስረዳ። ሲቪላይዜሽን የሚባል የኮምፒውተር ጌም አለ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1991 ወጣ፤ የሠሩት ሲድ ሜየርና ብሩስ ሼሊ ናቸው። እኔን የያዘኝ ስድስተኛው ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ላይ አንድ ሰፋሪና አንድ ተዋጊ ይሰጡሃል፣ ዙሪያህን የሚታይ ነገር የለም፣ ከተማ ትቆረቁራለህ። ያለህን ሁሉ አንቀሳቅሰህ ስትጨርስ ተራህን ትለቃለህ። ሌሎቹ ይጫወታሉ። ከዚያ ተራው ወዳንተ ይመለሳል። አንድ ዙር የሚባለው ይህ ነው። እንደ ቼዝ ማለት ነው፣ ማንም አያጣድፍህም።

ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚያጣድፍ ጌም ቢሆን ኖሮ ትሸነፋለህ፣ ትናደዳለህ፣ ትተኛለህ። ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ይጠብቅሃል። ስልክ ስታወራ ይጠብቃል። ገላህን ታጥበህ ስትመለስ እዚያው ነው። ይህን ያህል የታገሠህን ነገር ጥሎ መሄድ ደግሞ ይከብዳል። ሌላው በሱስ ይያዛል፣ እኔን የያዘኝ ይሉኝታ ነው።

በዚያ ላይ ነገሮቹ አንድ ላይ አያልቁም። ቤተ መጻሕፍቱ በ3 ዙር ያልቃል። እሱን ልይና ልተኛ ትላለህ። እሱ ሲያልቅ መርከቧ ልትደርስ 2 ዙር ይቀራታል። መርከቧ ደርሳ ስታርፍ ጎረቤትህ ድንበር ላይ ቀስተኛ ደርድሯል። አሁን እንዴት ይተኛል? አገር ሊወረር ነው እኮ!

ለባለቤቴ ግን ዋሽቼ አላውቅም። በመደበኛው ፍጥነት ስትጫወት መጀመሪያ ላይ አንዱ ዙር 40 ዓመት ነው። «አንድ ዙር ብቻ» ስላት 40 ዓመት ጠብቂኝ ማለቴ ነበር፤ ሳትጠይቀኝ ቀረች። ዘመኑ ወደኛ ሲጠጋ ዙሩ እየጠበበ ሄዶ አንድ ዓመት ብቻ ይሆናል። በእኔ ሰዓት ሲቆጠር ግን ተገላቢጦሽ ነው። አርባው ዓመት በ10 ሰከንድ ያልፋል፣ አንዱ ዓመት ሩብ ሰዓት ይበላል። ሃያ ከተማ ሲኖርህ ሃያው ሁሉ ትእዛዝህን ይጠብቃላ። ጨዋታው የሚዘጋው እ.ኤ.አ. 2050 ላይ ነው፣ በ500 ዙር። የደረስኩበት ቀን ወፍ እየጮኸ ነበር።

አንድ የምወደው ተረት አለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ይህን ተረት የነገሩኝ ሰዎች ሁሉ እነሱ ራሳቸው ችኩሎች ነበሩ፤ ተረቱን ጨርሰው እንኳ አይናገሩትም፣ «ቀስ በቀስ...» ይሉና ይሮጣሉ። ደግሞ እንቁላሉ በእግሩ ወዴት እንደሚሄድ የጠየቀ ሰው አላየሁም። እኔ አስቤበታለሁ። እንቁላል ሃያ አንድ ቀን ሲታቀፍ ከውጭ ሲያዩት ምንም አይታይበትም። በየቀኑ አንድ ዙር እየተጫወተ ነው። ይህን ፍልስፍናዬን አንድ ሌሊት ለባለቤቴ አብራራሁላት።

«እንቁላሉ መጨረሻ ላይ ቢያንስ ጫጩት ይሆናል» አለችኝና ተገላብጣ ተኛች።

መጠበቅን ካነሳሁ አይቀር፣ ተማሪ እያለሁ ቼዝ አብሮኝ የሚጫወት ልጅ ነበር። ስሙን አልጠራውም፤ ዛሬ የተከበረ ሰው ነው። ፈረሱን በሁለት ጣቱ ያነሣል። ያስቀምጣል። ጣቱን ግን አያነሣም። ፊቴን ያያል። ፊቴ ላይ ደስታ ካየ ፈረሱን ይመልሰዋል። «የነካኸውን ታንቀሳቅሳለህ» ስለው «ጣቴን አላነሣሁም፣ እያሰብኩ ነው» ይለኛል። ፊቴን ድንጋይ ለማድረግ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ አልተሳካልኝም። አንድ ቀን ወታደሮቹን ሁሉ በትኜበት ሄድኩ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ሲያገኘኝ «ያ ጨዋታ ያንተ ሽንፈት ነው የተመዘገበው» ይለኛል። የት ነው የተመዘገበው? ማን መዘገበው? አሁንም ሳስበው ጨጓራዬ ይላጣል።

ያ ልጅ ዛሬ ያለሁበትን ቢያይ ይስቅብኛል። ጌሙ ላይ ሴቭ ማድረግ የሚባል ነገር አለ። ከጦርነት በፊት ሴቭ፣ ከተሸነፍክ ሎድ። ፈረሱን መመለስ ማለት ነው፣ የሚያይህ ፊት ብቻ የለም። እና እመልሳለሁ። ስድስት ጊዜ የመለስኩት ከበባ አለ። በስድስተኛው ከተማዋን ስይዛት ተነሥቼ ጨበጥኩ። ማንን? የገዛ እጄን።

ይሄ የእኔ ብቻ በሽታ እንዳልሆነ ያወቅሁት ከሲድ ሜየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ባደረገው ንግግር ያነሣው ነገር አለ። ሦስት ለአንድ ብልጫ ያለው ተጫዋች ሲሸነፍ ጌሙ የተበላሸ ይመስለዋል። አንድ ለሦስት ሆኖ ሲያሸንፍ ግን ቅር አይለውም፣ ጎበዝ ስለሆነ ነዋ! ሁለት ለአንድ ሆኖ መሸነፍን የሚቀበለው ሰው፣ ቁጥሩ ሃያ ለአሥር ሲሆን ደግሞ ይቆጣል። ሒሳቡ ያው ነው። ሦስት ለአንድ ማለት ከአራት አንዴ ትወድቃለህ ማለት መሆኑን ማን ያስተውላል? እኔማ አላስተውልም። ከአራት አንዴዋ በእኔ ላይ ስትደርስ ግፍ ነው፣ በጎረቤቴ ላይ ስትደርስ ዕድሉ ነው።

እሺ፣ ይሄን ሁሉ ጥፋቴን አምናለሁ። የማልቀበለው አንድ ዘመዳችንን ነው። በመጣ ቁጥር «በዚህ ዕድሜህ ጌም?» ይለኛል። የሚለኝ ግን ቀና ብሎ አይደለም። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ነው፤ ቪዲዮ ይገፋል፣ ይስቃል፣ ይገፋል። ባለፈው ሰዓት ያዝኩበት። ከመጣ እስኪሄድ ሁለት ሰዓት ተኩል። ምን አየህ ብለው አንዱን እንኳ አላስታወሰም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይህ ነው። እኔ ቢያንስ ስንተኛ ዙር ላይ እንዳለሁ አውቃለሁ! የእሱ መቁጠሪያም የለው፣ 2050ም የለው። ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ ልጄ ፊት አንገቴን የምደፋው። ደግሞ ሲወጣ «ልጁን እንዳታበላሸው» ብሎኝ ይሄዳል።

ወደ ልጁ ልመለስ። «አንድ ዙር ብቻ» ብሎ ተኛ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውኃ ልጠጣ ብሎ ተነሣና ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። አልሰማሁትም። አፄ ምኒልክን ይዤ ነው የምጫወተው። እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ጌሙ ሲገቡ እኔ ያስገባኋቸው ይመስል ለሰው ሁሉ አውርቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሲያገኙኝ «ታሪክ እያጠናሁ ነው» እላለሁ።

«አባዬ፣ ለምን ሜዳ ላይ አሰፈርካቸው?»

ደንግጬ ማውሱን ለቀቅኩት። እሱ ጠጋ አለና የስክሪኑን ጥግ በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ኮረብታ ላይ ለተቆረቆረ ከተማ ሳይንስና ባህል ይጨመራል። ኮረብታ ላይ የቆመ ወታደራቸው 4 ነጥብ ይጨመርለታል። እውነት ነው፣ ተጽፏል። ስንት ሌሊት ፊት ለፊቴ ተጽፎ ኖሯል። እኔ 180 ዙር ሙሉ ንጉሡን ሜዳ ለሜዳ ሳንከራትታቸው ነበር።

«ሂድ ተኛ!» አልኩት። ከሚገባው በላይ ጮህኩ መሰለኝ።

አልሄደም። «ከመጀመሪያው ብንጀምረው ይሻላል» አለ፣ ወንበር እየሳበ። አዲስ ጨዋታ ከፈትኩ። ሰፋሪው መጣ። ኮረብታዋን እሱ ነው ያሳየኝ፣ ከወንዙ በስተግራ። ልጫን ስል የመኝታ ቤቱ በር ተከፈተ።

«ስንት ዓመት ቀራችሁ?» አለች ባለቤቴ።