ሳይረጥብ በፌስታል

ከቤታችን ፊት ለፊት ባለው ምሰሶ ላይ እስካለፈው ሳምንት ድረስ አንድ ፌስታል ተንጠልጥሎ ነበር። ንፋስ ያመጣው ቆሻሻ እንዳይመስላችሁ። ዙሪያውን በሲባጎ ተጠምጥሞ፣ በናስትሮ ተለብዶ፣ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ አስቦበት ያሰረው ነው። ውስጡ የሰፈራችን የፋይበር፣ ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣው የመስታወት ክር፣ መገጣጠሚያ ሳጥን አለ። ሳጥኑ ድሮ ክዳን ነበረው ይባላል። እኛ ካወቅነው ጀምሮ ግን ክዳኑ ፌስታል ነው።

ዛሬ የተነሳሁት ይህን ፌስታል ላመሰግን ነው። ውለታ መብላት አልወድም።

እኛ በፌስታል ያለን እምነት እኮ የቆየ ነው። ፀጉሯን ተሠርታ የወጣች ልጅ ዝናብ ሲጥል ከቦርሳዋ ቀድማ የምታወጣው ፌስታል ነው። የሞተር ኮርቻ ፌስታል ይለብሳል። የቲቪው ሪሞት ከተገዛ ጀምሮ ከነፕላስቲኩ ነው፤ ቁጥሩ ባይታይም ጣታችን ያውቀዋል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩን ፌስታል ውስጥ ከትቶ፣ ፌስታሉን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ «አይሰማም፣ ጮክ በል!» የሚል ሰው አይቻለሁ። ታዲያ ሁሉም ሲሸፈን ፋይበር ምን በደለ? አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል አሉ። እኛ ደግሞ ሳይረጥብ በፌስታል አልን። አንዳንዴ ከረጠበም በኋላ።

በዚህ ነገር የውጭ አገር መሐንዲሶች በጣም ነው የሚያሳዝኑኝ። ለአንድ ገመድ የሚለፉትን ብታዩ! ብርሃኑ የሚሄድበት መስታወት ውፍረቱ 125 ማይክሮን ነው፣ ከፀጉር ትንሽ ቢወፍር ነው። እሱን መጀመሪያ በፕላስቲክ ይቀቡታል። ከዚያ ቱቦ ውስጥ ይከቱታል። ቱቦውን ደግሞ ውሃ ገብቶ እንዳይሄድበት ቫዝሊን በሚመስል ዝልግልግ ነገር ይሞሉታል። ይህ አልበቃ ብሏቸው በቱቦዎቹ መሀል ውሃ ሲነካው የሚያብጥና መንገዱን የሚዘጋ ክር ይጨምራሉ፤ የሕፃን ዳይፐር ውስጥ ያለው ዓይነት ነገር ነው። ከላዩ ወፍራም ጥቁር ፕላስቲክ ያለብሱታል። ይህን ሁሉ አድርገው እንኳ አያምኑትም። 3 ሜትር ያህል ይቆርጡና በአንዱ ጫፍ 1 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ጭነውበት፣ በሌላው ጫፍ ጠብ ይል እንደሆነ ለማየት 24 ሰዓት ይጠብቃሉ። ሥራ የፈታ ሰው! የኛ ፍተሻ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ወደ ላይ አንጋጦ ፌስታሉ መኖሩን ማየት ነው።

ሳጥኑም ሲመጣ እንዲሁ በጭንቀት ተሠርቶ ነው። ዙሪያውን የጎማ ቀለበት አለው። በትክክል ከተዘጋ ውሃ ውስጥ ቢሰጥምም ምንም አይሆንም። ገመድ ያልገባበት ቀዳዳ ሁሉ መድፈኛ አለው። ብሎኖቹም ተቆጥረው ነው የሚመጡት። እኛ ጋ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚቀለው። ጎማው አሸዋ ይዞ ይገጠማል፣ መድፈኛው ይጠፋል፣ ከብሎኖቹ ሁለቱ ይታሰሩና የቀሩት ኪስ ይገባሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ መክፈቻ እንዳያስቸግር ታስቦ መሆን አለበት። ከዚያ በሚቀጥለው ክዳኑም አብሮ ይሄዳል።

ፌስታሉ እንዴት ምሰሶ ላይ እንደወጣ ላጫውታችሁ፤ እኔም ድርሻ አለኝ።

2016 ነሐሴ ላይ ነው። ለሦስት ቀን ራውተሩ ላይ ቀይ መብራት ቦግ እልም ሲል ሰነበተ። ደወልን። «ተመዝግቧል» ተባልን። እንደገና ደወልን። መመዝገቡ ተረጋገጠልን። በአራተኛው ቀን ሁለት ልጆች መሰላል ተሸክመው መጡ። ጨዋ ልጆች ናቸው። ክዳን ሳይሰጣቸው መሰላል ብቻ ተሰጥቷቸው የሚዞሩ ልጆች። አንደኛው ወጣና የቀድሞውን ፌስታል፣ ጥቁሩን፣ ፈታው። ከዚያ «ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸ። ዞር አልን። አንድ ሃይላንድ የሚሞላ ውሃ ዱብ አለ። ከውሃው ጋር የባሕር ዛፍ ቅጠልና አንድ የሞተ ጢንዚዛ ወረዱ።

ለካ ፌስታሉ የታሰረው አፉን ወደ ላይ አድርጎ ነው። ልክ ከሱቅ ቲማቲም ይዘን እንደምንመጣው።

ልጁ ሳጥኑን በሶፍት ጠራረገ። እፍ እፍም አለበት። ትንፋሽ ራሱ እርጥበት ነው ልለው አልኩና ተውኩት፤ ሦስት ቀን ያለ ኢንተርኔት የከረመ ሰው ከባለሙያ ጋር አይጣላም። ቀጥሎ ከሻንጣው ማሽኑን አወጣ። የማሽኑን ነገር ብታዩት! ሁለት የፀጉር ያህል ክሮችን ፊት ለፊት አቁሞ፣ በራሱ ካሜራ እያየ፣ አስተካክሎ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ አንድ አደረጋቸው። ስክሪኑ ላይ መገጣጠሚያው የሚያባክነውን ብርሃን፣ ኪሳራውን፣ 0.02 ዴሲቤል ብሎ ጻፈ። 0.02! ምንም ማለት ይቻላል። ልጁ ማሽኑን በጥንቃቄ አጥፎ ሻንጣው ውስጥ መለሰ፤ ሻንጣው ዚፕም ስፖንጅም አለው። ከዚያ ከመሰላሉ ላይ ጎንበስ ብሎ፣

«ወንድም፣ ፌስታል ይኖርሃል?» አለኝ።

ሮጥኩ። ባለቤቴ ወፍራሙን ፌስታል አልሰጥም አለች፤ የእንጀራ ነው። ሽንኩርት የመጣበትን ሰጠችኝ። አራግፌ አቀበልኩት። የጎረቤታችን እማማ በር ላይ ቆመው ሁሉንም ሲያዩ ነበር።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር መክደኛ የለውም እንዴ?» አሉት።

«ለጊዜው ነው እማማ።»

ለጊዜው! ይህን ቃል ስወደው። ሰፈራችን ውስጥ ለጊዜው ከተሠራ ነገር የበለጠ ዕድሜ ያለው ነገር አሳዩኝ። በቋሚነት የተሠራው አስፋልት ሁለት ጊዜ ተቆፍሯል። ለጊዜው ድልድይ የሆነችው ሳንቃ ግን አለች። ፌስታሉም ያው ለጊዜው ሁለት ክረምት አገለገለ።

ልጁ ከመውረዱ በፊት አንድ ነገር አደረገ። የፌስታሉን ቂጥ በካቻቢቴ በሳው። «ይሄስ?» አልኩት። «ውሃ ከገባ እንዲወጣበት ነው።» እዚህ ላይ ነው ባርኔጣዬን ያነሳሁት። ውሃ እንዳይገባ የታሰረ፣ ውሃ ስለሚገባ የተበሳ።

በነገራችን ላይ ገመዱ ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ወረድ ብሎ፣ ሆድ ሠርቶ፣ ከታች ወደ ላይ ቢገባ ዝናቡ በገመዱ እየወረደ መጥቶ ሆዱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሳጥኑ ውስጥ አይገባም። የሚፈጀው ግማሽ ሜትር ገመድ ነው። እኛ ጋ ግን ገመዱ ከላይ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ውሃውም ሐዲድ እንዳገኘ ባቡር ተከትሎት ይገባል። ግማሽ ሜትር ማባከን ነውር ነው።

ፌስታሉን የሚተቹ አሉ። እኔም አንድ ቀን ለልጁ፣ ቀስ ብዬ፣ ውሃው አይጎዳውም ወይ አልኩት። «ብርሃን እኮ ነው፣ ውሃ ምን ያደርገዋል?» አለኝ። አባባሉ ከግማሽ በላይ እውነት መሆኑ ነው የሚያስቸግረው። የድሮው የቤት ስልክ መዳብ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ ይንጫጫል፣ ያጓራል፣ እትዬ ማን እንደሆነች የማታውቋት ሴትዮ ንግግር መሀል ትገባለች። ብቻ ውሃ መግባቱን ይናገር ነበር። ፋይበር ጨዋ ነው፣ አይጮህም። ኮረንቲ ስለሌለው አይነካካም፣ አይቃጠልም። ውሃ ዛሬ ቢገባበት ማታ ፊልምህን ታያለህ።

ውሃ ደግሞ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። መስታወቱ ላይ ዓይን የማያያቸው ስንጥቆች አሉ። ክሩ ሳጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ተጎብጦ ሲቀመጥ እነዚያ ስንጥቆች ይወጠራሉ። እርጥበት ሲያገኙ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይረዝማሉ። አንድ ቀን፣ ዝናብ በሌለበት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ክሩ ቀጭ ይላል። ያን ጊዜ ፌስታሉን ማን ይጠረጥራል? «ኔትወርኩ ነው» እንላለን። ሌላውም ኪሳራ እንዲሁ ነው። 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ብርሃኑ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው፤ ያም ሆኖ ራውተሩ ችሎ ይሠራል። እንደገና ግማሽ። አሁንም ይሠራል። ከዚያ ቀይ መብራት።

ፌስታሉ ደግሞ በዚህ ሁሉ ውስጥ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ቀን ፀሐይ ያግለዋል፣ ማታ ብርዱ ያቀዘቅዘዋል፣ ውስጡ ያለው እርጥበት ላብ ሆኖ ሳጥኑ ላይ ይወርዳል። ፌስታል ባይኖር ሳጥኑ ጥቅምት ላይ ነፋስ አግኝቶ ይደርቅ ነበር። የኛ ግን ዓመቱን ሙሉ እንደራሰ ነው። የክረምቱን ውሃ እስከ ጥር የሚያቆይ ቴክኖሎጂ! ለመስኖ ሰዎች ልንነግራቸው ይገባል።

ቻርልስ ካኦ የሚባለው ሳይንቲስት በ1966 እ.ኤ.አ. መስታወቱ ከቆሻሻ ከጠራ ብርሃን ረጅም መንገድ ሊሄድ እንደሚችል አሳየ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራው የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ። ከሱ በኋላ የመጡት ደግሞ መስታወቱ ውስጥ የቀረችውን የውሃ ርዝራዥ ለማባረር ዓመታት ደከሙ፤ የሞገድ ርዝመቱ 1383 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን ትበላለች ብለው። እነሱ በፋብሪካ ያባረሯትን እኛ በሃይላንድ መለስናት።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን መንገዱ ነው። አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ኢንተርኔታችን ግን ባሕር አቋርጦ ነው የሚመጣው። ማታ የምታዩት ቪዲዮ ከማርሴይ ተነስቶ፣ ሜዲትራኒያንን አልፎ፣ ግብፅን ተሻግሮ፣ ቀይ ባሕር ስር ለስር ሄዶ ጅቡቲ ብቅ ሊል ይችላል። ያ ገመድ 25 ዓመት ውሃ ውስጥ እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ነው፣ ዓሣ በላዩ እየሄደ። ከጅቡቲ በረሃውን አቋርጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ አዲስ አበባ ይገባል። የኛ ሰፈር ይደርሳል። ምሰሶው ላይ ይወጣል። ቀይ ባሕርን በደረቁ የተሻገረው እንግዳ እኛ ቤት ሊገባ አሥር ሜትር ሲቀረው፣ የሽንኩርት ፌስታል ውስጥ ይሰጥማል።

ገመዱ መሬት ውስጥ ስለሚያልፍበት ማንሆል ብዙ አልልም። ክዳኑ የለም፣ ሰው እንዳይገባበት የመኪና ጎማና ቅርንጫፍ ተተክሎበታል። ሐምሌ ላይ ግጥም ብሎ ይሞላል። እዚያ ፌስታልም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሐዘኔ ልምጣ። በ2017 ፓርላማው ለአንድ ጊዜ የሚያገለግል ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ምሰሶውን ነው። ከዚያ ግን ተጽናናሁ። አዋጁ የሚለው ለአንድ ጊዜ ስለሚያገለግለው ነው። የኛው ሁለት ክረምት ያገለገለ ስለሆነ አይመለከተውም።

ባለፈው ሳምንት ቀይ መብራት በራ። ደወልን፣ ተመዘገበ፣ ልጆቹ መጡ። ያው ልጅ ነው። ወጣና ፌስታሉን ሲነካው እጁ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተፈረፈረ። ውሃው ዱብ አለ፤ ዘንድሮ ጢንዚዛ የለም። ማሽኑን አወጣ፣ ቀጠለ፣ 0.02። ዞር ብሎ ሳያየኝ በፊት እኔ ፌስታል ይዤ ቆሜ ነበር፤ በዚህ ጊዜስ የእንጀራውን።

«አይ፣ ፌስታል እኮ ተከልክሏል» አለኝ። ከሻንጣው ሥር የታጠፈ ነጭ የዱቄት ማዳበሪያ አወጣና ሳጥኑን አለበሰው። አፉን ወደ ላይ አድርጎ በሲባጎ አሰረው።

እማማ ከበራቸው ሆነው ቀና ብለው አዩት። «ምን ይላል ጽሑፉ? ዓይኔ አያይልኝም።»

አነበብኩላቸው። «በደረቅ ቦታ ይቀመጥ» ይላል።