እርማት፦ ባንክ የሚያበድረው በተስማማችሁበት ዋጋ ልክ አይደለም

«የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ከቆጠባችሁ ቀሪውን 80 በመቶ ባንክ ይሸፍንላችኋል» የሚለው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛን ሰው ቀብዱን የሚያስበላ ምክር ነው።

ባንኮች በአብዛኛው ብድሩን የሚያሰሉት ከሻጩ ጋር ከተስማማችሁበት ዋጋና ገማቹ (ለባንኩ የቤቱን ዋጋ የሚተምነው ባለሙያ) ካወጣው ግምት፣ ከሁለቱ ዝቅ ባለው ላይ ነው። ቤቱን በ1,000,000 ተስማማችሁ እንበል። ገማቹ 900,000 ካለ ብድሩ 720,000 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ከኪሳችሁ የሚወጣው 200,000 ሳይሆን 280,000 ነው፤ የውል፣ የምዝገባና የታክስ ወጪው ገና አልገባበትም። ጉድለቱን ከሌላ ቦታ ተበድሮ መሙላትም አያዋጣም። ባንኩ የዚያን ብድር ወርሃዊ ክፍያ ከገቢያችሁ ቀንሶ ስለሚያይ ዋናው ብድር ራሱ ሊያንስ ይችላል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ብድሩ ካልተፈቀደ ወይም ግምቱ ከዋጋው ካነሰ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ ይግባ። ሻጩ በቃል «ችግር የለም» ቢላችሁ አትቀበሉ። ባንኩ የሰጣችሁ የቅድሚያ ማረጋገጫ ደብዳቤም መተማመኛ አይሆንም፤ የተመዘነው የእናንተ ገቢ እንጂ ቤቱ አይደለም።

ግምቱ ካነሰ የግምት ሪፖርቱን ጠይቁና ካሬ ሜትሩንና የክፍሎቹን ብዛት ከይዞታው ሰነድ ጋር አስተያዩ፤ እዚህ ላይ ስህተት አይጠፋም። ካገኛችሁ፣ በአካባቢው በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ዋጋ አያይዛችሁ በጽሑፍ አመልክቱ። ስህተት ከሌለው ግን ግምቱን ይዛችሁ ሻጩን ዋጋ እንዲቀንስ ጠይቁት። በብድር የሚገዛ ሌላ ሰው ቢመጣለትም ተመሳሳይ ግምት ሊገጥመው እንደሚችል ያውቃል።