ኃይሉ እና ሀይሉ አይተዋወቁም
ጃቫስክሪፕት የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዛሬ ደሜን አፈላው። ተጠቃሚው መፈለጊያው ላይ "ሀይሉ" ብሎ ይጽፋል፣ ዳታቤዙ ውስጥ የተመዘገበው "ኃይሉ" ነው፣ በሦስቱ እኩል ምልክት (===) ሲነጻጸሩ መልሱ ፎልስ፣ አንድ አይደሉም ማለት ነው! ለሱ ፊደል ሁሉ ቁጥር ነው፤ ሀ ማለት 4608 ነው፣ ኃ ደግሞ 4739፤ ድምፃቸው አንድ መሆኑ ጉዳዩም አይደለም። የአንድን ፊደል የተለያዩ አመዘጋገቦች አንድ የሚያደርገውን ኖርማላይዝ የሚባል ፈንክሽን (ዝግጁ ትእዛዝ) ብጠራም ወይ ፍንክች፣ ምክንያቱም ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መዝገብ፣ ዩኒኮድ ራሱ፣ የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የመዘገባቸው። እንግዲህ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ እያንዳንዳቸውን ከነዘር ማንዘራቸው ወደ ድምፅ አቻቸው የሚቀይር ሰንጠረዥ በእጄ ልጻፍ ማለት ነው። ኧረ ሌላም አለ! ዋጋ በጽሑፍ መልክ ከመጣ "10" ከ"9" ያንሳል ይልሃል፣ 1ን ከ9 ጋር ብቻ አስተያይቶ ይፈርዳል። ኤረር እንኳ ቢያወጣ ምናለበት? ዝም ብሎ ይሳሳታል፣ ሰው ግን የሚጮኸው እኔ ላይ ነው።