የአሥራ ሰባት ዓመት ነቢያት

አሜሪካ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ክፍል የሚማር ልጅ የትኛው ኮሌጅ እንደሚቀበለው ለማወቅ የማርችን ማለቅ መጠበቅ የለበትም፤ የክፍል ጓደኛው መልሱን ቀደም ብሎ፣ ያውም በመቶኛ አስልቶ ይነግረዋል።

የወዳጄ ልጅ እንዲህ ሲተነበይላት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ነቢዩ እንደ እሷው የዚያ ዓመት አመልካች ነው። «ኤስኤቲ ስንት አመጣሽ?» አላት፤ የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን ማለቱ ነው። «1520።» «የምትመሪው ክለብ አለ?» «የክርክር ክለብ፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ነኝ።» ልጁ ደስ የማይል ራጅ እንደተመለከተ ሐኪም በረጅሙ ተንፍሶ፣ «ሃርቫርድ 12 በመቶ፤ ፕሬዚዳንት ብትሆኚ ኖሮ 15 ነበር» ሲል ፈረደ። ሦስቱ በመቶ ከየት እንደመጣ ልጠይቀው ከጅሎኝ ነበር፤ ነገር ግን ዞሮ የእኔንም ዕድል እንዳያሰላው ፈርቼ ዝም አልኩ።

እ.ኤ.አ. በ2022 ሃርቫርድ ከ61 ሺሕ ከሚበልጡ አመልካቾች መካከል የተቀበለው 2 ሺሕ ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ፋይል ሳይገልጥ፣ ስም ሳይጠይቅ፣ ለመጣው ሁሉ «አትገባም» እያለ ቢውል ከመቶው ቢያንስ 96 ጊዜ ትክክል ይሆናል። ግድግዳም አፍ ቢኖረው ይህን ያህል ይተነብያል። የነቢያቱን ስመ ጥርነት ያቆመው ይኸው ስሌት ይመስለኛል፤ ጨለምተኛው ልጅ አዋቂ የሚባለው ማንንም ስላወቀ ሳይሆን በሩ ስለጠበበ ነው።

ደግሞ የሚጠይቁት የሚቆጠረውን ብቻ ነው። ሃርቫርድ በቅበላ አሠራሩ ተከሶ በ2018 ፍርድ ቤት ሲቆም ይፋ በሆነው መረጃ መሠረት፣ በአንድ ዓመት ለ1,600 ያህል ቦታ 35 ሺሕ ያህል ሰው ሲያመለክት ከ8,000 በላይ የሚሆኑት በትምህርት ቤት ውጤታቸው እንከን የለሽ ነበሩ፤ በኤስኤቲ ሒሳብ ደፍነው ያመጡት ብቻቸውን 3,400 ያህል ናቸው። እንግዲህ ቁጥሩ ከወንፊቱ ላይ ይህን ሁሉ ሰው ካስቀረ፣ የሚለየው ሌላ ነገር ነው፦ ድርሰቱ፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ ወላጅ እዚያው መማሩ፣ ወይም ኦቦ የተባለውን የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋው ተማሪ ዘንድሮ ተመርቆ በመውጣቱ ኦርኬስትራው መጉደሉ። ነቢያችን ድርሰቷን አላነበበም። የድጋፍ ደብዳቤውንማ እሷም አላየችው፤ የማየት መብቷን እንደ አብዛኛው አመልካች በፊርማዋ ትታለች።

በዚያ ላይ ዳኛው ተፎካካሪ ነው። የእሱም የመጀመሪያ ምርጫ ያው ኮሌጅ መሆኑን ስትሰማ፣ «ለራስህስ ስንት ሰጠህ?» አለችው። «አርባ» አለ፣ ትሕትና በተቀላቀለበት ድምፅ። (እሱ የክለብ ፕሬዚዳንት ነው።)

ለሁሉም «ትገቢያለሽ፣ ምን ጥርጥር አለው!» የሚሉ ደጎችም አሉ፤ እነሱ ትንቢትን ከምርቃት አይለዩም፣ ቢሆንም ከእነሱ ጋር ምሳ መብላት ይሻላል።

ውጤቱ በወጣበት ምሽት ለራሱ አርባ በመቶ የሰጠው ልጅ ሳይሳካለት ቀረ፤ እሷ በተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ገባች፣ ይህም በ12ም በ15ም ያልተካተተ ውጤት ነው። ሐዘኑ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልቆየም፤ ስልኳ ጮኸ። «ከተጠባባቂነት የምትገቢበትን አስልቼልሻለሁ» አላት፣ «9 በመቶ።»